ከኋላ የሚቆም ሰው

«ጋሼ፣ አበባው የፍሬን መብራቱ አይበራም ይላል» አለች እስከዳር። ይህን ስትል ባሏ አበባው ከአጠገቧ ደረጃው ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስራል። የባሏ ታላቅ ወንድም አወቀ ደግሞ ከፊታቸው አሮጌውን ዶልፊን ሚኒባስ ተደግፎ ቆሟል። ሦስቱም እጃቸውን ቢዘረጉ ይነካካሉ። አወቀ የወንድሙን ጫማ እያየ «አምፖሉ ተቃጥሎ ይሆናል በይው» አለ። እሷም ወደ ባሏ ዞር ብላ «አምፖሉ ተቃጥሎ ይሆናል ይላሉ» አለች። አበባው ክሩን ጠበቅ አድርጎ «በሁለቱም ጎን ነው፤ ትናንት ማታ መኪናው ሲገባ ከኋላ ሆኜ አይቻለሁ። ነገ ጠዋት የመኪና ምርመራ ስላለ ዛሬውኑ ይታይ ብለሽ ንገሪልኝ» አላት። አወቀ እያንዳንዱን ቃል ሰምቷል። ግን ጨዋ ሰው ነውና እስከዳር እስክትደግምለት ጠበቀ።

ሌላ ቀን ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ዛሬ ግን እስከዳር ነጠላዋን አጣፍታ ቦርሳዋን አንጠልጥላለች። ደብረ ወርቅ ያለችው እናቷ ታማባት ልትጠይቃት መሄዷ ነው፤ መቼ እንደምትመለስ አታውቅም። ሽሮው የት እንደተቀመጠ ለባሏ ነገረችው። የውጭው በር ማታ ማታ በብረቱ እንዲቀረቀር ለአወቀ ነገረችው። ከዚያ ሁለቱንም በየተራ አየቻቸውና «እንግዲህ እናንተው ታውቃላችሁ» ብላ ወጣች። ሦስት ዓመት ሙሉ የሁለት ሰው አፍ ሆና የኖረች ሴት ለጥቂት ቀን የራሷን አፍ ይዛ መሄዷ አይፈረድባትም። በሩ ሲዘጋ ግቢው ውስጥ ሁለት ወንድማማቾችና አንድ መኪና ቀሩ።

ተጣልተው ነው እንዳይባል ጠቡ ከበረደ ቆይቷል፤ የቀረው መሐላው ነው። እናታቸው ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል በሕይወት ሳሉ «ስሞት ከደምበጫ ወጣ ብላ ካለችው ደብሬ፣ ከባለቤቴ ጎን ቅበሩኝ» ብለው ነበር። ያረፉት ግን መንገድ በሁለቱም በኩል በተዘጋበት ሰሞን ነው። አበባው ለሥራ ባሕር ዳር ሄዶ እዚያው ቀርቷል፤ ስልክም አይሠራም። አወቀ አንድ ሌሊት ጠበቀ። በማግስቱ የእድሩ ሽማግሌዎች «አስከሬን ከዚህ በላይ አይቆይም» ሲሉት እዚሁ ደብረ ማርቆስ ቀበራቸው። መንገዱ ከቀብሩ በኋላ ባለው ቀን ተከፈተ። አበባው ደርሶ መቃብሩ ላይ ቆመና ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ «ከእንግዲህ ካንተ ጋር ቃል ብለዋወጥ ኪዳነ ምሕረት ትፍረድብኝ» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቁጣው ዓመት እንኳ አልቆየም። አወቀ ሲያመሽ ራቱ ተከድኖ እንዲቆይ የሚያዘው አበባው ነው፤ ሲያስለው እስከዳርን ዝንጅብል አፍልታ እንድትወስድለት የሚልካትም እሱ ነው። መሐላ ግን እንደ ቁጣ አይበርድም። እስከዳር በስልክ እንዲጻጻፉ ብትመክረው «ጽሑፍስ ቃል አይደለም ወይ?» አላት። ለንስሐ አባቱ ነግሮ እንዲያስፈታ ብትለምነው ደግሞ «የማልኩት እናቴ መቃብር ላይ ነው። ማስፈታቱ እናቴን እንደገና መቅበር ይሆንብኛል» አላት። ይህንንም ለአወቀ አደረሰችለት። ባታደርስለት ይሻል ነበር።

አወቀ ሃምሳውን አልፏል። ያገባት ሴት ጥላው ከሄደች ቆይታለች፤ ልጅ የለውም። በውጭው በር አጠገብ ያለችው አንድ ክፍል ቤት የሱ ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ካፖርት፣ ጣቢያው የማይቀየር ሬዲዮ። እንግዳ መጥቶ ወንበሩ ላይ ቢቀመጥ አወቀ አልጋው ላይ ይቀመጣል፤ እንግዳ ስለማይመጣ ግን ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ልብስ ነው። ከዚህ ዓለም ምን ትፈልጋለህ ቢሉት አዲስ መኪና አይልም። ወንድሙ አንድ ጊዜ «ጋሼ» ብሎ እንዲጠራው ነው የሚፈልገው። ልጅ ሳለ እየተከታተለ ሲጠራው ይውል ነበር። ያን ጊዜ አወቀ ይሰለቸው ነበር።

የፍሬን መብራት ጠባዩ ክፉ ነው። የፊቱን መብራት ሹፌሩ ራሱ ግድግዳ ላይ ያየዋል፤ ፍሬቻውንም አብርቶ፣ ወርዶ፣ ዞሮ ያየዋል። የፍሬኑ መብራት ግን እግር ፔዳሉን ሲረግጥ ይበራል፣ እግር ሲነሳ ይጠፋል። ራሱ ረግጦ ራሱ ከኋላ የሚያይ ሰው ገና አልተፈጠረም። እስከዛሬ ከኋላ ቆማ «በርቷል፣ ጠፍቷል» የምትለው እስከዳር ነበረች። አወቀ ከማገዶው ክምር አንድ የባሕር ዛፍ ቁራጭ መረጠና አንዱን ጫፍ ፔዳሉ ላይ፣ ሌላውን ወንበሩ ላይ አስደግፎ ወረደ። የግራው መብራት ጨርሶ የለም። የቀኙ ጭል ጭል ይላል፤ ይባስ ብሎም ፍሬቻው ሳይጠሩት አቤት እንደሚል ሰው አብሮት ይበራል። የቀኙን ሽፋን ባለፈው ዓመት ጋሪ ገጭቶት ተሰንጥቆ ነበር። በፕላስተር ለጥፎት ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲገባበት ከርሟል። ከፍቶ ቢያየው ገመዱ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰርበት ቡሎን እንዳለ ዝጓል። መንገዱን ያጣ መብራት በጎረቤቱ በኩል ያመልጣል ማለት ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ብረቱ እስኪያበራ ፍቆ መልሶ አሰረው። ለግራው ከኪሱ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልሎ ያኖረውን አምፖል አወጣ። ድሮ ከሻይ የማይበልጥ ዕቃ ነበር፤ ዘንድሮ የምሳ ዋጋ ሆኗል። ሁለቱም ጎን ፍም መስሎ ሲቀላ አወቀ ደስ አለውና ለማን እንደሚያሳይ ዙሪያውን አየ። አበባው ቦርሳውን ይዞ ወደ ቢሮው ሊሄድ ሲወጣ ከመኪናው ኋላ ቆም አለ። መብራቶቹን አየ። ራሱን ነቅንቆ እንደሆነ አወቀ እርግጠኛ አይደለም። ከዚያ ወጥቶ ሄደ።

መናኸሪያ ከረዳቱ ከዘመነ ጋር ተራ ጠብቀው ደምበጫ የሚሄድ ሰው ጫኑ። ሁለት ሴቶች ሦስት ዶሮ አንጠልጥለው ገቡ፤ አንድ ዲያቆን መጽሐፉን በላስቲክ ጠቅልሎ ከኋላ ተቀመጠ። የማዳበሪያው ዋጋ ተነሳ፣ የነዳጁ ሰልፍ ተነሳ፣ የአንዷ ሴት አማች ተነሳች። ተሳፋሪ ለሹፌር ወሬ አያካፍልም፤ የሚያየው ጀርባውን ብቻ ስለሆነ ጀርባ የሚሰማ አይመስለውም። አወቀ ሁሉን እየሰማ ዝም ብሎ ነዳ። ዝምታ ለምዶበታል። አማኑኤል ከተማን ካለፉ በኋላ እህል የጫኑ ፈረሶች መንገድ ሲያቋርጡ ከሩቅ አያቸውና እግሩን ፔዳሉ ላይ ጣል አደረገ። ከኋላ የጎማ ጩኸት ተሰማ። አንዲት ዶሮ አምልጣ ዲያቆኑ ጭን ላይ ወጣች። ለጥቂት ያመለጠው አይሱዙ ከጎናቸው መጥቶ ቆመና ወጣቱ ሹፌር አንገቱን አወጣ።

«ጋሼ፣ ፍሬን ሲይዙ መብራት አያሳዩም እኮ። ልገባብዎ ነበር።»

«ጠዋት ሠርቼዋለሁ። ይበራል።»

«አይበራም። ከኋላ ቆሞ የሚያይልዎ ሰው የለም እንዴ?»

ልጁ ለክፋት አልተናገረም፤ ተናግሮም መልስ ሳይጠብቅ ሄደ። አወቀ ግን እስከ ደምበጫ ድረስ መልሱን ሲፈልግ ቆየ። የመብራቱ ነገር ወዲያው ገብቶታል። ከፔዳሉ በላይ አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች። ፔዳሉ በቦታው ሲሆን ቁልፏን ተጭኖ ይይዛታል፤ ሲረገጥ ይለቃታልና መብራቱ ይበራል። ማሰሪያዋ ላልቶ ወደ ፔዳሉ ከተጠጋች ፔዳሉ ብዙ ካልወረደ አይለቃትም። የማገዶው ቁራጭ ፔዳሉን እስከ ታች ስለሚረግጠው ጠዋት በርቶለታል፤ የአሮጌ ሹፌር እግር ግን እንደዚያ አይረግጥም፣ ነካ አድርጎ ነው የሚያቆመው። ደምበጫ ከመግባታቸው በፊት በስተቀኝ ከዛፎቹ በላይ የእናቱ ደብር ጣራ ይታያል። በየቀኑ ባጠገቡ ያልፋል፣ በየቀኑም ባርኔጣውን ያነሳል። ዛሬም አነሳ። ተሳፋሪዎቹ ቤተ ክርስቲያኑን የተሳለመ መስሏቸው አብረውት አማተቡ።

ዕለቱ ኪዳነ ምሕረት ነበረችና ዘመነ ደምበጫ ቤተሰቦቹ ዘንድ ዝክር አለ ብሎ እዚያው ቀረ። አወቀ ሲመለስ እግሩን ያለልማዱ ጠንከር እያደረገ፣ ተሳፋሪውን እያንገጫገጨ መጣ። ከተማ ገብቶ ሰዎቹን ካወረደ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። የሁለቱም ወንድማማቾች ንስሐ አባት አባ ወልደ ሰንበት ቅዳሴ ወጥቶ፣ ሕዝቡም ተበትኖ፣ ከቅጥሩ ሥር ብቻቸውን ፀሐይ ይሞቃሉ። አወቀ መስቀል ተሳልሞ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። የሚጠይቀውን አባ ቀድመው ያውቁታል፤ ከዚህ በፊትም ጠይቋቸዋል።

«አባ፣ በእሱ ፈንታ እኔ ልጹም፣ እኔ ልስገድ። ይፍቱት።»

«አንተ ብትጾም የሚቆጠረው ላንተ ነው። የማለው ሰው ራሱ መጥቶ ይንገረኝ።»

«አይመጣም። ሳላናግረው ብሞትስ?»

አባ በመቋሚያቸው መሬቱን ሲጭሩ ቆዩ። «ወንድምህ አንተን ጠልቶ አይደለም፤ በመሐላው የጠራትን ፈርቶ ነው» አሉት በመጨረሻ። «እንዳታስተው ብቻ። ሳያስበው ቢናገርህ ደስታው ያንተ፣ ዕዳው የሱ ነው የሚሆነው።» አወቀ «እሺ አባ» አለ። ይህን ሳይነግሩትም ያውቀዋል። እሱ ራሱ እንዳይናገር ማንም አልከለከለውም፤ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ወንድሙን አንዲት ነገር ያልጠየቀው መልስ ከአፉ እንዳያመልጠው ሰግቶ ነው።

መብራት የሚሠራለት እንዳላማው ሱቁን ዘግቷል። ደወለለት። ከስልኩ ውስጥ የሰው ጫጫታና የጽዋ ድምፅ ይሰማል። «ማኅበሩ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው፤ ቅዳሜ ና» አለው እንዳላማው። የነገውን ምርመራ ሲነግረው «እንግዲያስ ማብሪያዋን አንተው ትንሽ ወደ ኋላ መልሳት፤ ከባድ አይደለም» አለው። «ካበዛኸው ግን መብራቱ ሁልጊዜ በርቶ ይቀራል። ሰው ከኋላ አቁም እንጂ ብቻህን አትሞክረው።» አወቀ እንዲህ ያለ ቀን መዋሉ አስቆጣው። መንገደኛው፣ ካህኑ፣ ሠራተኛው ሁሉ ተማክረው ያለውን ሰው የሚቆጥሩበት መሰለው። ለምርመራው ሳይቀርብ ቢቀር ከነገ ጀምሮ ተራ አይሰጡትም። ተራ ካጣ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚውለው በዚያች አንድ ወንበር ላይ ነው።

ግቢ ሲደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። መኪናውን ጀርባውን ወደ ቤቱ ሰጥቶ አቆመና የውጭውን በር ከፍቶ መንገዱን አየ። አንድ ሽማግሌ በሬ እየነዱ ያልፋሉ፤ ሁለት ተማሪዎች እየተሳሳቁ ይሄዳሉ። «እስቲ አንድ ጊዜ ከኋላ ቁሙልኝ» ቢላቸው እምቢ የሚለው የለም። ግን እንዲህ ብሎ መንገደኛ ማቆም፣ ወንድም ባለበት ግቢ ሰው የለኝም ብሎ ለሰፈሩ ማወጅ ነው። በሩን መለሰው። የዳዶ መፍቻ ቁልፉን ይዞ በሹፌሩ በር በኩል ተንጋሎ ገባ፤ ጭንቅላቱ ከመሪው ሥር፣ እግሮቹ ውጭ። በአንድ እጁ የማብሪያዋን ዳዶ አላልቶ፣ በሌላው ፔዳሉን ነካ እያደረገ ሞከረ። ምን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ወጣ፣ አየ፣ ገባ። ማገዶውን ቢያስደግፈው ጠዋት የነገረውን ነው የሚደግምለት። አንገቱ ተቀጨ፣ ዝገት ዓይኑ ውስጥ ገባ። የውጭው በር የተከፈተው ያኔ ነው።

አበባው ነው። አወቀ ከተንጋለለበት ሆኖ ጫማውን ብቻ ያያል። ጫማው ወደ ቤቱ አለፈ፣ ደረጃው ጋ ደረሰ፣ ቆመ። ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ዞረና ከመኪናው ኋላ ሄዶ ከዓይኑ ተሰወረ። ለአወቀ «በርቷል?» ማለት ብቻ ነበር የሚቀረው፤ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ መለሰው። ፔዳሉን ነካ አደረገ። ምንም የለም። ትንሽ ጨመረበት። ምንም የለም። ወደ ታች ሲጫነው ከኋላ መዳፍ ቆርቆሮውን አንድ ጊዜ መታ።

አበባው ትምህርቱን የጨረሰ ሰሞን እዚሁ መኪና ላይ ለወንድሙ ረዳት ሆኖ ሠርቷል። የሰው ጫጫታ ሲበዛ፣ የረዳት ድምፅ ለሹፌር ሳይደርስ ሲቀር፣ ቆርቆሮውን መምታት የዚህ ሥራ ደንብ ነው። አሁን ምን ማለቱ እንደሆነ አወቀ ለመረዳት ማሰብ አላስፈለገውም። ሲበራ ይመታል፣ ሳይበራ ዝም ይላል። ዳዶውን ትንሽ አላልቶ ማብሪያዋን ወደ ኋላ መለሳትና ፔዳሉን ገፋ። ከበፊቱ ቀደም ብሎ ቆርቆሮው ተመታ። እንደገና መለሳት። አሁን እጁን ከማንሳቱ በፊትም ካነሳ በኋላም ተመታ፤ ደጋግሞ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ልክ በሩ ሳይዘጋ ለሄደ ሹፌር እንደሚመታው። አብዝቶት መብራቱ በርቶ ቀርቷል ማለት ነው። አወቀ እዚያው ከመሪው ሥር ሆኖ ሳቀ። ሳቁን አፍኖ ማብሪያዋን በጥቂቱ ወደ ፔዳሉ አስጠጋት፤ ምቱ ቆመ። ፔዳሉን በአንድ ጣት ነካ፤ ተመታ። ለቀቀ፤ ዝም። ነካ፤ ተመታ። ለቀቀ፤ ዝም። ልክ ሆነ። ዳዶውን በቁልፉ አጠበቀው።

ሥራው አልቋል። መነሳት ነበረበት፤ አልተነሳም። ፔዳሉን ነካ፤ ወንድሙ መታ። ሌላ ጊዜ ነካ፤ መታ። የሚታይ ነገር እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። አወቀ ከመቃብሩ ቀን ጀምሮ እንደዚህ ደስ ብሎት አያውቅም፤ አንገቱ ተጣሞ፣ ዓይኑ እያለቀሰ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ቢያድር አይጠላም። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣበትና እጁ ደረቀ። ይህስ ከቃል ይቆጠር ይሆን? እሱ ይጠይቃል፣ ያኛው ይመልሳል። ቃል ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ወንድሙ የማለው በኪዳነ ምሕረት ስም ነው፣ ያውም ዛሬ ዕለቷ ነው። ዕዳው የሱ ነው ብለውታል አባ። በወንድሙ ዕዳ መደሰት አስፈራው፤ አፈረም። እጁን ከፔዳሉ አንስቶ ደረቱ ላይ አኖረው። ይበቃል አለ በልቡ። ጫማው ወደ ደረጃው ሲመለስ ለመስማት ጆሮውን ጥሎ ጠበቀ።

ጫማው አልተንቀሳቀሰም። ቆርቆሮው አንድ ጊዜ ተመታ።

አወቀ ደነገጠ። ማብሪያዋ ተመልሳ የላላች መስሎት በጣቱ ዳሰሳት፤ ዳዶው ጠብቋል፣ ፔዳሉ ቦታው ላይ ነው፣ ቁልፏ ጥርቅም ብላ ተጭናለች። መብራቱ ሊበራ አይችልም። አበባው ደግሞ ዓይኑ ደህና ነው፤ የበራና ያልበራ ይለያል። እንደገና መታ፤ አሁን ቀስ ብሎ፣ በጣቶቹ ጫፍ።

አወቀ፣ ታናሽ ወንድሙ በኪዳነ ምሕረት ዕለት እንዳይዋሽ ብሎ፣ እጁን ወደ ፔዳሉ መልሶ ተጫነው።